የጎማ እርሳስ በአቦይ ሃይለማርያም ግቢ

ጥር 18፣ እሑድ
ግድቡ ጋ ዋልኩ። ዓሣ የለም። ማለትም ውሃው ውስጥ አለ፣ እኔ ጋ አልመጣም። ክሩ ላይ ያሰርኩት ጠጠር አሥሬ እየተፈታ ወደቀ። ባዶ ክሩን ነፋስ መልሶ ዳር ላይ አስቀመጠልኝ። አርባ ምንጭ ሳለሁ ክር የሚያሰጥም እርሳስ እንገዛ ነበር። መቐለ ውስጥ ማን ይሸጣል? ጠየቅኩ... ማንም። ራሴ አቀልጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ የሚያስተምር ሰው ይህ አያቅተውም።

ጥር 20፣ ማክሰኞ
ከሥራ ስወጣ ሮማናት አካባቢ ያለው ጎሚስታ፣ ሽሻይ ጋ ጎራ አልኩ። "እርሳስ አለህ?" ስለው ከጆሮው ላይ የመጻፊያ እርሳስ አውርዶ ሰጠኝ። ጎማ ባላንስ ሲያደርግ የሚለጥፈውን ማለቴ እንደሆነ አስረዳሁት። ያረጁትን አንድ ጣሳ ሙሉ አቀበለኝ።
"ለምንህ ነው?"
"ለዓሣ።"
ጣሳውን አየ። እኔን አየ።
"ይበሉታል?"

ቤት ስደርስ ዳናይት በር ላይ አስቆመችኝ። ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት፣ የአራት ወር እርጉዝም ናት።
"የእርሳስ ጭስ እዚህ ቤት አይገባም።"
"በረንዳ ላይ..."
"በረንዳም ቤት ነው።"
"ታዲያ የት ላቅልጠው?"
"አባቴ ግቢ።"
ሆን ብላ ነው? ነው እንጂ።

ጥር 22፣ ሐሙስ
አልሄድኩም።
እዚህ ላይ ጽፌው አላውቅም፤ ልጻፈው። አባቷ፣ አቦይ ሃይለማርያም፣ ጡረታ የወጡ በያጅ ናቸው። ወጣትነታቸውን ናዝሬት ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም። ለእኔ ግን አንድ ቃል አያወጡም። በጦርነቱ ጊዜ ከሌላ ክልል የመጣነውን መምህራን የሚያወጣ አውቶቡስ መጣ። ተሳፈርኩ። ዳናይት የታመሙ እናቷን፣ ወይዘሮ መንበረን፣ ትታ አልሄድም አለች። ከዚያ ስልክ ተቋረጠ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ስመለስ እናቷ የሉም። ዳናይት ተቀበለችኝ። እሳቸው እስከ ዛሬ... ራሳቸውን ነቅነቅ። ሌላ የለም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ
ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ አባቷ ግቢ ሄድኩ። ከሰል፣ ምድጃ፣ ጣሳ፣ አሮጌ ጭልፋ፣ ጡብ። አቦይ ሃይለማርያም ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጉዳዬን ተናገርኩ። በእጃቸው አንድ ጥግ አሳዩኝ። ነፋሱ ጭሱን ከቤቱ የሚያርቅበት ጥግ ነው። ጡቡ ላይ በምስማር የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጉድጓድ ስፈለፍል ዋልኩ። እሳቸው ሲያዩኝ ዋሉ። ጥሩ ቀን ነበር ማለት ይቻላል?

የካቲት 1፣ ቅዳሜ
በግራ እጄ ነው የምጽፈው።
ጠዋት ጡቡን አቧራ እንዳይኖረው ብዬ አጠብኩት። የደረቀ መስሎኝ ነበር። እርሳሱ ቀልጦ እንደ መስታወት ሲያበራ በጭልፋ ቀድቼ ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰስኩ። ጡቡ መልሶ ተፋው። ቀኝ እጄ ላይ፣ ሸሚዜ ላይ፣ ግድግዳው ላይ። ፊቴ ተረፈ። አቦይ ሃይለማርያም ከኋላ ኮሌታዬን ይዘው ጎትተውኝ ነበር።
እጄን ባልዲ ውስጥ ነክረው ያዙት። ብዙ ቆየን። ከዚያ በአማርኛ፦
"ጡቡን አጥበኸዋል?"
"አዎ።"
"ዲግሪህ ስንት ነው?"
"ሁለት።"
ባጃጅ ሊጠሩ ወጡ።
በባጃጅ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ወረፋ ስንጠብቅ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፦
"ለምን ሄድክ?"
ስለ አውቶቡሱ፣ ዩኒቨርሲቲው ውጡ ብሎ ስለለጠፈው ማስታወቂያ ጀመርኩ... ተውኩት።
"ፈራሁ።"
የራሰ እጅጌያቸውን ጨመቁ።
"መንበረ እስክትሞት ድረስ 'ጣሰው ደወለ?' ትለኝ ነበር። 'መስመር የለም' እላታለሁ። በየቀኑ።"
ነርሷ "ጣሰው" ብላ ጠራችኝ።

የካቲት 2፣ እሑድ
ዳናይት ፋሻውን ቀየረችልኝ።
"አባቴ ምን አለህ?"
"ስለ ዲግሪዬ ጠየቁኝ።"
ከዚያ ስለ እናቷ ያሉትን ነገርኳት። አለቀሰች። ፋሻውን ግን ጥሩ አድርጋ አሰረችው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ
ስደርስ አቦይ ሃይለማርያም ጡቡን ከሰል ዳር አስቀምጠው ሲያደርቁ አገኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ነው አሉ። ዛሬ እሳቸው አፈሰሱ። እኔ በግራ እጄ ክሩ የሚያልፍበትን የሽቦ ቀለበት አስገባሁ። አሥራ አንድ ወጡ። አንዱ ጠማማ ነው። እሱን እኔ ነኝ ያፈሰስኩት።

የካቲት 9፣ እሑድ
ግድቡ ጋ አብረን ሄድን። ክሩ ሄዶ ተቀመጠ፤ ነፋሱ ሊመልሰው አልቻለም። አንድ ዓሣ ያዝን። ትንሽ ነው። አቦይ ሃይለማርያም ትንሽ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።
የግድቡ ጥበቃ መጣ። በመጣሁ ቁጥር መታወቂያ የሚጠይቀኝ ሰው ነው። ዛሬ ወደ እሳቸው ዞሮ በትግርኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቃቸው። ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሡ፦
"ሰብኣይ ጓለይ እዩ" አሉት። የልጄ ባል ነው።
እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።
"ፈራሕ እዩ። ግን ተመሊሱ እዩ።" ፈሪ ነው። ግን ተመልሷል።
ጥበቃው ትንሽ አሰበበት። ከዚያ አጠገባችን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መታወቂያ አልጠየቀኝም።