ጄሪካን የሰረቁ ደቦሎች

ኅዳር 9

ይህን የምጽፈው ያየሁትን ለብቻው፣ የጠረጠርሁትንም ለብቻው ለማስቀመጥ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ሰው ያለ በደሉ ይወነጀላል።

ያየሁት... ከአልዩ አምባ በላይ፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ካለው ገደል ሥር፣ ሁለቱ የነብር ደቦሎች ዛሬም ነበሩ። በሩቅ ማያ መነጽር አየኋቸው። አንዲት ውኃ ቀጂ ጥላው የሄደችውን ቢጫ ጄሪካን ሰርቀዋል። አንዱ በመዳፉ ይገፋዋል፤ ቁልቁል ሲንከባለል ሌላው ከታች አድፍጦ ይዘልበታል። ሲሰለቻቸው የእናታቸው ጅራት ላይ ሰፈሩ። እሷ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

ከሰዓት ለዘጠነኛ ክፍል ስለ እስያው ባለመስመር ነብር አስተማርሁ። ቆዳው እየተፈለገ፣ ጫካው እየተመነጠረ ከዱር ሊጠፋ መቃረቡን። አንዲት ተማሪ፣ "የእኛውስ ቲቸር?" አለችኝ። የእኛ ባለ ነጠብጣቡም በዚያው መንገድ ላይ ነው አልኋት።

እራት ላይ የጄሪካኑን ነገር ለቤተሰቡ ተረክሁላቸው። ወንድሜ ያዕቁብ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ኅዳር 12

ያዕቁብ ስለ ደቦሎቹ ጠየቀኝ። ከፍየል ንግድ ሌላ ወሬ የማያውቅ ሰው። ጡት ጥለዋል ወይ? እናታቸውስ ለምን ያህል ጊዜ ትለያቸዋለች? ደስ ብሎኝ መለስሁ። ለአደን ስትሄድ ቀኑን ሙሉ ልትለያቸው ትችላለች አልሁት።

ይህን ለምን ፈለገው?

ኅዳር 15

ሚስቱ ሌይላ የነጯ ፍየል ወተት ከእንግዲህ አይሸጥም አለችኝ። ለያዕቁብ ሆድ ሕመም ነው አሉ... እሱ ግን ወተት አይወድም። የዶሮ ቅርጫቱም ውስጡ በጆንያ ተለብጧል። ስልክ ሲደወልለት ከግቢ ይወጣል፤ ስደርስበት ወሬውን ስለ ዝናብ ያደርገዋል። በኅዳር ምን ዝናብ?

ጥርጣሬ ነው። አላየሁም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ በወተትና በቅርጫት ልፈርድበት?

ኅዳር 17

ጠየቅሁት። ፍየሎቹን እያሰረ ነበር። አልካደም፤ አላመነምም።

"ያቺ ነብር ስንት ፍየል በላችብኝ። ምን ሆንህ ያለኝ አለ? ልጆቿን ባሳድግ ምን ነውር አለው? በጄሪካን የሚጫወት ነገር እኮ ድመት ነው። ራስሽ ነሽ የነገርሽን፣ አስተማሪዋ።"

ጨዋታው የአደን ልምምድ መሆኑን ልነግረው አሰብሁ። ያን ከሰማ መርዝ ቢገዛስ? ዝም ካልሁት ደግሞ ቅርጫቱን ያነሣል። የትኛውን ልፍራ?

እውነቱን ነገርሁት። "ጄሪካኑን የሚነክሱት አንገቱ ላይ ነው ጋሼ። መግደል እየተማሩ ነው።"

"እንግዲያው ሳይማሩ ነዋ መያዝ" ብሎ ሳቀ።

ኅዳር 20

ገደሉ ሥር አንድ ደቦል ብቻ።

እናቲቱ ከዓለት ዓለት እየዞረች ታሸታለች። ደቦሉ ጄሪካኑን አንድ ጊዜ ገፋው። ከታች ሆኖ የሚጠብቅለት የለም...

ኅዳር 21

ጥርጣሬ መሆኑ አበቃ።

ያዕቁብ ፍየል ሊገዛ ሲወርድ ሌይላ የመኖ ቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችው። ደቦሉ ከጆንያዎቹ ጀርባ ነበር። ወተቱን አልነካውም። እጄን ስዘረጋ አልነከሰኝም፣ አልሸሸኝም፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ደቦሉን የሚገዛው ሰው ረቡዕ ከቆላ ይመጣል አለችኝ ሌይላ። ልጆቿን ወደዚያ እንዳይጠጉ መጠበቅ እንቅልፍ ነሥቷታል።

ያዕቁብ ሲመለስ ሌይላ ባለችበት ነገርሁት።

"ጋሼ፣ እናቲቱ ዛሬም ስትጣራ ሰምቻታለሁ። ደቦሉን ካነሣህበት ዓለት ሥር በገዛ እጅህ መልሰው፤ አብሬህ እወጣለሁ። ካልመለስኸው ለጫካ ጠባቂዎቹ ስምህን የምነግራቸው እኔ ነኝ። ቀኑ ነገ ነው፤ ሰኞ ኅዳር 22፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት።"