ባሕሩ ዘጋብኝ ያልሽው መንገድ

ይድረስ ለልጄ። እግዜር ጤናሽን አያጉድልብሽ፤ ብቀየምሽም ይህን ከመለመን አልቦዝንም። እኛ ደህና ነን። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ወንድምሽም አውቶቡስ መንዳቱን ትቶ ጋራዥ ገብቷል።

በዚህ ክረምት አባትሽ አልጋ ሲይዝ፣ «ባሕሩ ስለተናወጠ ወደምሠራበት ደሴት ጀልባ አይመጣም፤ ሌላ መጓጓዣም የለም» ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ሳጉረመርም እሱ፣ «ተይ፣ ባሕር አይታዘዝም። ልጄን አትውቀሺብኝ» ይለኝ ነበር። ይህንኑ እንዳለ ሞተ።

ሰሞኑን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደሴቱ ላይ አንቺ የምትጠብቂውን ፓርክ ጎብኝታ ተመለሰች። «በጀልባ ነው የሄዳችሁት?» አልኳት።

«የለም እትዬ፣ ጀልባውማ በክረምት ይቆማል። እኛ የሄድነው ውሃ ላይ በሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን ነው።»

«እሱስ በክረምት አይቋረጥም?»

«ዘንድሮም ክረምቱን ሙሉ አልተቋረጠም ብላናለች፣ ልጅዎ ራሷ። ስንወርድ የተቀበለችን እሷ ናት።»

የያዝኩትን ሻይ ቁጭ አደረግሁ።

እንግዲህ በባሕሩ አታሳብቢ። ለአገር ጎብኚ የተከፈተ ሰማይ ላንቺ ብቻ አልተዘጋም። ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ እንደሄድሽ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ይቅር ካለሽ ቆይቷል። ቂም የያዝሽው አንቺ ነሽ። እሱስ አምኖሽ ሞተ፤ እኔ ግን አውቄ ቀረሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። በጀልባም ሆነ በአውሮፕላን ነይና፣ «መምጣት አልፈለግሁም ነበር» ብለሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ። ንዴቱ ጮኼብሽ ይወጣልኛል፤ ውሸትሽ ግን አልወጣልኝም።

እናትሽ