የአበቡ ክምርና የእኔ ቅናት

ለክቡር አቶ ላቀው
የፍራፍሬ ገበያ ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ቅናቴን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎስ? በዚህ በየካቲት ሙቀት የቢሮዎ ቬንትሌተር እንዳይቆምብዎ፣ ወደ ላንቴ በመጡ ቁጥር የመኪናዎ ጎማ በመስኖ ቦያችን ጭቃ እንዳይያዝ፣ ከመኪና ሳይወርዱ ሁሉን የሚያዩት ዓይኖችዎም እንዳይደክሙ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ብርቅዬ ማቴዎስ እባላለሁ። ላንቴ ውስጥ ሙዝ አመርታለሁ፤ ቀድሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥር ስለነበር ደብዳቤ መጻፍ አይከብደኝም። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በስሜ ሳይሆን «የኮከብ አምራቿ ጎረቤት» በሚል እንደሆነ ሰምቻለሁ። ኮከቧ ወይዘሮ አበቡ ናት። አጥራችን አንድ ነው፣ ቦያችን አንድ ነው፣ ልጆቻችንን ያዋለደችልን ሴት እንኳ አንድ ናት፤ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ከሁለታችን ማን እንደምትበልጥ ጠይቆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ውለታዎ የሚከተሉትን በትሕትና አመለክታለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ስሌትዎ ማመስገን እወዳለሁ። በእኛ ሰፈር ሙዝ የሚሸጠው በተራ ነው። የአንዲት ሴት ጓሮ ለብቻው አንድ አይሱዙ አይሞላም፤ ሾፌሩም ለግማሽ ጭነት ከአዲስ አበባ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ እኔና አበቡ የሁለታችንንም ሙዝ በየሳምንቱ ቆርጠን አንድ ሳምንት በእሷ ደጅ፣ አንድ ሳምንት በእኔ ደጅ እንከምራለን። ባለተራዋ ከነጋዴው ጋር ትከራከራለች፣ ታስጭናለች፣ የሳምንቱን ሽያጭም እንዳለ እንደ እቁብ ትወስዳለች። ይህን የተማርነው ከውሃው ነው፤ የቦዩን ውሃ በተራ የሚያጠጣ ሰው ሙዙንም በተራ መሸጥ አይከብደውም።

ኮሚቴዎን አስከትለው በመጡበት ዕለት ተራው የአበቡ ነበር። በመኪናው መስኮት የእሷን ደጅ አዩ፤ የሙዝ ተራራ ቆሟል። የእኔን ደጅ አዩ፤ ከአንዲት ዶሮ በቀር ምንም የለም። ይህ ሁሉ ሙዝ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችሁ አልነበረም፤ መጠየቅ ጊዜ ያባክናል። ከዚያ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ የአበቡ ምርት በእጥፍ ማደጉ፣ ይህም የነጻ ገበያ ፖሊሲያችን ውጤት መሆኑ፣ የአጎራባቿ ጓሮ ግን «ያልለማ» መሆኑ ተነበበ። ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ ዝናብ፣ አንዲት ተጨማሪ የሙዝ እግር ሳይተከል የአገርን ምርት በእጥፍ ማሳደግ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነውና እግዚአብሔር ይጨምርልዎ።

ሁለተኛ፦ ሰነፏን ጎረቤት ለመርዳት ላሳዩት ርኅራኄ እጅ እነሣለሁ። ገና ተራችን ሳይፈርስ ባለሙያዎን አቶ ፈቃደን ልከው ለልምድ ልውውጥ ወደ አበቡ ደጅ አስወሰዱኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ከኮሌጅ ከወጣ ገና ዓመቱ ነው፤ ምንም አልፈርድበትም። በክምሩ ፊት አቁሞኝ አንድ ወፍራም ዘለላ በሁለት እጁ አነሣና «እናቴ፣ እርስዎም ከበረቱ እኮ እንዲህ ያለ ያገኛሉ» አለኝ። ያንን ዘለላ በዚያው ማለዳ በራሴ ትከሻ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። አበቡ ከኋላ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በአፏ ይዛለች፤ ሳቅ ይሁን እፍረት እስከ ዛሬ አልለየሁም። እኔም የራሴ ሙዝ እንዴት እንደሚመረት ተምሬ፣ አመስግኜ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ሦስተኛ፦ ይህን ቅሬታ ሳይሆን ቅናት ብለው ይመዝግቡልኝ፤ ሌላ ስም የለውምና። አበቡ ኮከብ አምራች ተብላ ለተሸለመችበት ቀን የምትለብሰው አጥታ ነጠላዬን ተዋሰችኝ። የኦቾሎ ሸማኔ ለታላቋ ልጄ ሠርግ የሠራልኝ ባለጥለት ነጠላ ነው። እርስዎ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ያሰቀሉት፣ ከአበቡ ጋር የሚጨባበጡበት ፎቶግራፍ አለ አሉ። በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ነጠላ የእኔ ነው፤ ከጀርባዋ ከተከመረው ሙዝ ግማሹ የእኔ ነው፤ የእኔ ያልሆነው ፈገግታው ብቻ ነው። ነጠላውን አጥባ መለሰችልኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተኩሳም ነው የመለሰችልኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ለብሼው አላውቅም።

ደግሞ የሬዲዮኑ ነገር አለ። ለሽልማት ከእርስዎ እጅ የተቀበለችው ሬዲዮ አመሻሽ ላይ በአጥሩ በኩል ዜና ያሰማኛል። ድምፁን ከፍ የምታደርገው ለእኔ አስባ ነው ወይስ እኔን ለማቃጠል ነው እያልሁ ራት መሥራት እረሳለሁ። አንድ ምሽት በአገሪቱ የእርሻ ምርት ማደጉ ተነገረ፤ እኔም ሽንኩርት እየላጥሁ፣ ካደገው ውስጥ የእኔም እንዳለበት ከጎረቤቴ ሬዲዮ ሰማሁ። በሽልማቱ ቀን ስሟ ሲጠራ፣ ሰው ሲያጨበጭብላት፣ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ልናገር አፌን ስከፍት አጨበጨቡ፤ በጭብጨባ መሀል ምን ይወራል፣ ብርቅዬ?» አለችኝ። አላመንኋትም። እኔ ብሆን ኖሮ እናገር ነበር እያልሁ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ሬዲዮው ሲከፈት ግን፣ እንጃ፣ እኔም ዝም የምል ይመስለኛል። ይህ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

አራተኛውና የሚያንገበግበኝ፣ በአበቡ በር ላይ ያስተከሉት «የሙዝ መረከቢያ ጣቢያ» የሚለው ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። በስብሰባው እጄን አውጥቼ የተራችንን ነገር ላስረዳዎ ስሞክር፣ ተራ የሚባለው የደርግ ሥርዓት ርዝራዥ እንደሆነ፣ ነጻ ገበያ ማለት ውድድር እንደሆነ በትዕግሥት አስተማሩኝ። እናቴና የአበቡ እናት በቦዩ ውሃ ተራ ሲገቡ ደርግ የሚባል ነገር ገና አልተሰማም ነበር፤ ቢሆንም የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነውና ተቀመጥሁ። ከዚያም ውድድሩ ነጻ እንዲሆን በማሰብ አይሱዙ ከአበቡ ደጅ በቀር የትም እንዳይቆም ከለከሉ። እኔ ሙዜን ለአበቡ ላስረክብ፣ አበቡ ደግሞ ባሻት ዋጋ ልትገዛኝ ሆነ። ሁለት ሯጮችን አሰልፎ የአንዷን እግር አስሮ ሩጡ ማለት ይህ ነው፤ እርስዎ ፊሽካውን ስለነፉልን እናመሰግናለን።

እኔም ትምህርትዎን ከልቤ ተቀብዬ ተወዳዳሪ ሆንሁ፤ ሙዜን ለአበቡ አልሰጥም አልሁ። ይኸው የደረሰው ሁሉ በእግሩ ላይ እንዳለ ቢጫ ሆነ። ለአዲስ አበባ የሚጫነው ጥሬው ነው፤ የበሰለውን ነጋዴ ዘወር ብሎ አያየውም። በቤቴ ያለን ሰዎች ቁርስ ሙዝ፣ ምሳ ሙዝ ሆኖብን ፍየሎቹ እንኳ ልጣጩን ማሽተት ትተዋል። ትንሿ ልጄ ኖላዊት አርባ ምንጭ ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች፤ ትምህርቷ የቆመው በእኔ ተራ ሽያጭ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ጓዟን ጠቅልላ ልትመጣ እንደሆነ ላከችብኝ። የአበቡ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፤ እሷ ጓዟን አልጠቀለለችም። ቅናቴ ከየት እንደሚነሣ ያልገባዎ እንደሆነ ከዚህ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራዬን ይመልሱልኝ። ሜዳሊያ አልጠየቅሁም፣ ፎቶም አልጠየቅሁም፤ ቢሰጡኝ ግን እምቢ አልልም። ጥርጣሬ ካለዎት ሁለት ሳምንት ተከታትለው ይምጡና የሁለታችንንም ደጅ ይዩ።

ሥልጣንዎ እንደ ሪፖርትዎ በየዓመቱ እጥፍ እንዲሆን፣ የሚጽፉት ሁሉ እንዲለመልም፣ የሚያዩትም ሁሉ ያዩትን ያህል እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለከበረ ጊዜዎ በፍቅርና በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ያልለማችው ታዛዥዎ
ብርቅዬ ማቴዎስ
ከኮከቧ አጥር ማዶ፣ ላንቴ
የካቲት 1989 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአቶ ክንፉ፣ ለአይሱዙው ሾፌር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው አበቡ ወደ አጥሩ መጣች። ክንፉ ለግማሽ ጭነት አልመጣም ብሎ ቀርቶ የእሷም ሙዝ ደጇ ላይ በስብሷል፤ እርስዎ ደግሞ የፊታችን ረቡዕ የአዲስ አበባ እንግዶች ይዘው መጥተው ክምሩን ሊያስጎበኙ ነው። «በይ እንጂ ብርቅዬ፣ ሙዝሽን ቁረጪና ደጄ ላይ እንከምር፤ በእንግዳ ፊት ታሳፍሪኛለሽ?» አለችኝ። የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ ነው አልኋት። ተቆጥታ ሄደች። ዛሬ ማለዳ ግን አዲስ የቆረጠችውን ሙዝ ሁሉ በአህያ ጋሪ አስጭና መጥታ እኔ ደጅ አራገፈችው። ክንፉም ሙዝ ካለበት እቆማለሁ ብሎ ልኮብኛል፤ ነጻ ገበያ የሚሉት ምናልባት ይህ ይሆናል። እኔም ገና ጥሬ ያለውን ቆርጬ ጎን ለጎን ሲከመር አየሁት፤ የእሷ ዘለላ በእርግጥም ከእኔ ይወፍራል። ይህ አዲስ ቅናት ስለሆነ በሌላ ማመልከቻ እመለስበታለሁ። እንግዲህ ረቡዕ ዕለት እንግዶችዎ ከሰሌዳው ሥር ባዶ ደጅ አይተው እድገቱ የት ሄደ ብለው ቢጠይቁዎ፣ አይደንግጡ፤ የብርቅዬ ተራ ነው ይበሏቸው።