ሰማያዊው ደጀ ሰላም

ጥር 28
ከቆላ ድባ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሐይቁ ዛሬ አመድ መስሏል። ደንገል በር ምን አላት? ትንኝ፣ ጭቃ፣ ወሬ የማይደክማቸው ሽማግሌዎች... እና ከነገሥታቱ ዘመን የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም። ድንጋይና ኖራ። እማዬ ከግንቡ ሥር ተቀብራለች። ሳልፍ የዋልኩበትን እነግራታለሁ።

የካቲት 3
አዲስ መንገድ ሊወጣ ነው። ደጀ ሰላሙንም መቃብሩንም ይቆርጣል አሉ። አያቴ፣ አያ ዋኘው፣ ስብሰባው ላይ ጮኸ። "ልጄ እዚያ ናት!" መሐንዲሱ፦ "ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ መንገዱ ይዞራል።" ከጎንደር ባለሙያ መጥታ ታየዋለች።
እንግዲህ እማዬ በአንዲት በማናውቃት ሴት ዓይን ላይ ተንጠለጠለች።

የካቲት 9
ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ዋሉ። መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ግማሹን በግዕዝ ተናገሩ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ገብቷቸው ይሆን?
"እንግዳ እየመጣ ደጃፋችን እንዲህ ተሰነጣጥቆ?" አለ አያቴ።
"እውነት ነው፣ ነውር ነው፣ አያ ዋኘው!" አሉ ሌሎቹ።
"አባባ፣ ቅርስ እኮ የሚሆነው ስላረጀ ነው" አልኩ።
"እሰይ! እንግዲያ እኔንም ይመዝግቡኛ!"
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማን ሰማኝ?

የካቲት 17
ለሰኑት። ድንጋዩን በሙሉ በሲሚንቶ። ከላይ ሰማያዊ የዘይት ቀለም። ሴቶቹ እልል አሉ። አያቴ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኗል፤ የእማዬንም መቃብር ቀባው።
"ሸጋ አይደለም?"
"የሆቴል ሽንት ቤት ይመስላል።"
"ያንቺ ምላስ ነው ልስን የሚያስፈልገው!"
ደስ ብሎታል። ከእማዬ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁም...

የካቲት 21
መጣች። ወይዘሮ መቅደላዊት ትባላለች። አያቴ ጋቢውን አሳጥቦ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆሞ እጅ ነሳ። ሴትዮዋ ግንቡን ዞረች። ነካችው። ጣቷን አየች።
"አባቴ፣ አሮጌው የት አለ?"
"ይኸውና! ለእርስዎ ብለን አሳመርነው።"
ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች።
"ጥፋት ካለው... እንፈነቅለዋለን" አለ።
"ኖራው አብሮ ይነሳል፣ አባቴ። ግንቡም ይናዳል።"
መሪጌታ እንኳ አንዲት ግዕዝ አልወጣቸውም። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ስንት እስቅ ነበር።

የካቲት 30
አልተመዘገበም።

መጋቢት 6
አያቴ መሮ ይዞ ሲፈቀፍቅ ዋለ። ሲሚንቶው ድንጋዩን ይዞ ወደቀ።
"ተው፣ አባባ።"
"አንድ ጥግ ብቻ... አንድ ጥግ ቢገለጥ ተመልሳ ታይ ይሆናል።"
እጁ ደምቷል። በነጠላዬ ጠቀለልኩለት። ማን ላይ ልናደድ? እንግዳ ማክበሩ ላይ?

ግንቦት 4
የመንገዱ ማሽን ሳይደርስ አፅም አወጣን። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። እማዬን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ አደረጓት። ጎረቤቶች ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። አያቴ እምቢ አለ። አቅፎ ዳገቱን ወጣ፤ አዲሱ መቃብር ከላይ ነው። እኔ ከጎኑ። ቀልድ አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። መሃል ላይ ቆመ።
"ደከመህ?"
"ምን ይደክማል" አለ። "ስድራት በበቅሎ ነበር የሸኘኋት። እንዲህ ትቀላለች ብዬ መች አሰብኩ?"
እጄን ሳጥኑ ሥር አስገባሁ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር... አልተቆጣም። አንዱን ጎን ለቀቀልኝ።