የምስር ወጡ እቁብ

ኅዳር 17፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ከሕብረት ሱቅ መመለሴ ነው። ዘይት የለም። ስኳር የለም። ሳሙና አለ። እሰይ፣ እጃችንን ታጥበን እንቀመጥ።

ቧንቧው ጋ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ሴቱን ሰብስባ ቆማለች። ከነገ ጀምሮ ስለ አመጋገብ የምታጠና ተማሪ ወደ ግቢያችን ትመጣለች። በየቤቱ አንድ አንድ ቀን ትውላለች፤ የምንበላውን በሚዛን ትመዝናለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅን። ሊቀ መንበሯም አታውቅ። ብቻ ቀበሌውን እንዳናሰድብ አደራ አለችን።

አንቺ ደብተር፣ ከአንቺ የምደብቀው የለኝም። እኛ ቤት ምሳ ማለት እንጀራ በድልህ ነው። እንጀራውም ግማሹ በቆሎ። ባሌ ታደሰ ጋራዥ ውሎ የሚያመጣው ከወር ወር አያደርስም፤ ለድርቁ መዋጮ ተብሎ ከደመወዙ የሚቆረጥም አለ። ግድግዳ የምንጋራው ዘይነባ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። ባሏ ግንባር ነው። ከአራት ዓመቷ ሰሚራ ጋር ብቻዋን ናት። ይህንን ነው ለሰው ሚዛን የምናቀርበው?

አመሻሽ

መላ መጣልኝ። ዘይነባንና እማማ አሰገደችን ጠራሁ። እማማ የግቢያችን አዛውንት ናቸው፣ ከእሳቸው ተደብቆ የሚሠራ ነገር የለም።

እቁብ እንጣል አልኳቸው። የገንዘብ ሳይሆን የምስር። ሦስታችንም ያለችንን ምስር፣ ሽንኩርትና ጠብታ ዘይት እናዋጣ። አንድ ድስት ወጥ ይሠራ። ልጅቷ የምትውልበት ቤት፣ የዚያን ቀን እቁቡ የእሱ ነው። የሌሎቻችን ቤት እንደለመደው ይዋል። ጾም ገብቷልና ወጡ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ቤት ይሆናል። እማማ ሥጋ ቢሆን ኖሮ በምን እንስማማ ነበር አሉ። ሥጋ! ዘይነባ እስኪያማት ሳቀች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው የእቁቡ ዳኛ አደረጉኝ። ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ኮራሁ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

እቁቡ የእኔ። ልጅቷ ሂሩት ትባላለች። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል ያዝኳት። ድስቱን ከነወጡ የሚዛኗ መንጠቆ ላይ ሰቀለችው። ከምሳ በኋላ ደግማ ሰቀለችው። ቁርስ ለምን እንዳልበላን ጠየቀች። ጾም ነው አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም እሱ አይደለም።

ታደሰ ለምሳ ገባ፣ ድስቱን አየ፣ ማን ሞተ ሊል አፉን ሲከፍት ጠቀስኩት። ልጆቼ ቀና ሳይሉ በሉ።

ሂሩት ከእኛ ጋር አልበላም አለች፤ ለሥራዋ ክልክል ነው። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ክልክል የለም። በግድ አጎረስኳት። ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ያንኑ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ መዘነች፣ ከእኛ ላይ ቀነሰችው። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ወደድኳት።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

የዘይነባ ተራ። ድስቱን በነጠላ ሸፍኜ በጓሮ አሻገርኩ፤ ሂሩት ከፊት በር ስትገባ ወጡ ምድጃ ላይ ተቀምጧል። እጄን አቃጠለኝ፤ ግድ የለም።

ዘይነባም ቁርስ ለምን ቀረ ተባለች። ሐሙስ ነው፣ ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ አለች። እኔ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ፣ እሷ ሰኞና ሐሙስ። ምስኪን ሂሩት፣ በሁለታችን መካከል የሚበላበት ቀን ጠፋባት።

እኔ ቤት ዛሬ ድልህ። ልጄ የትናንት ወዲያው ድስት የት ሄደ አለኝ። ለሰው አበደርነው አልኩት። ለሰሚራ ማለቴ ነው። በግድግዳው በኩል ስትስቅ ሰማኋት፤ ያቺ ልጅ ሳቅ ያላት አይመስለኝም ነበር።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ወጡ እማማ አሰገደች ቤት ገባ። ሰሚራም ተከትላው ገባች። ጥግ ይዛ ተቀመጠች፣ ዓይኗ ድስቱ ላይ። እናቷ ብትጠራት አልሰማ አለች። እማማ ነገሩ እንዳይነቃ ልጅ ልጅ ናት ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት፣ አበሏት።

ከሰዓት ሂሩት የግቢውን ልጆች ሁሉ ክንድ በጥብጣብ ለካች። ሰሚራ ጋ ደረሰች፣ ለካች። ደግማ ለካች። እንደገና ለካች። ጻፈች። አጻጻፏን አልወደድኩትም።

ኅዳር 24፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

 

ሂሩት ሦስታችንን እማማ በር ላይ አስቀመጠችንና ነገሩን አወጣችው። ጤና ጣቢያው ለልጆች የሚታደል ዱቄትና ዘይት ሊያገኝ ነው። ለየትኛው ግቢ እንደሚሰጥ የሚወሰነው በዚህ ጥናት ነው። አስቀድማ እንዳትነግረን ታዝዛ ነበር፤ ሰው ዕርዳታ ይመጣል ከተባለ ያለውን ደብቆ የተራበ ይመስላል ተብሎ ተፈርቶ። አይ ያገሬ አዋቂዎች! ሰው እንጀራ ይደብቃል ብለው ፈሩ። ርሃቡን ይደብቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እንደ ሚዛኗ ከሆነ ግቢያችን ደህና ይበላል። ዱቄቱ ለሌላ ግቢ ሊሄድ ነው።

ይህስ ይሁን። የከፋው ቀጥሎ ነው። ሂሩት ወደ ዘይነባ ዞረች። በትሕትና ነው የተናገረችው፤ ቢሆንም ተናገረችው። ቤትሽ ውስጥ ምግብ አለ፣ ልጅሽ ግን ከስታለች፤ እንግዲህ ምግቡ ለእሷ አይደርሳትም ማለት ነው አለቻት። ስለ ልጅ አመጋገብ ትምህርት እንድትገባ መዘገበቻት። ማታ የራሷን ድርሻ ለልጇ ትታ ውሃ ጠጥታ የምትተኛዋን ዘይነባን!

ዘይነባ መሬት መሬት አየች። «እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለች።  እኔም እውነቱን አላወጣሁላትም። ዳኛዋ እኔ።

ሂሩት ልትሄድ ስትነሳ ሰሚራ ቀሚሷን ያዘች። «ነገ እኛ ቤት ትመጫለሽ?» አለቻት። ሂሩት ልጅቷ የወደደቻት መስሏት ጎንበስ ብላ ሳመቻት።

ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ድስቱ ነበር።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ምንም አልሠራሁም። የጀመርኩትን ሹራብ ፈታሁት።

ሂሩት ሥራዋን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ቤት ደግማ ታያለች። ትናንት ዕጣ አውጥታ ነበር፤ ለእኔ ደረሰኝ። ለቅዳሜ።

ለታደሰ እውነቱን ልናገር ነው አልኩት። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ካድሬው ሲሰማ ምን ይላል፣ ከተማው ውስጥ ተራብኩ ማለት መንግሥትን መክሰስ ነው አለ። ይህን ፍርሃቱን እረዳለሁ። ቀጥሎ ያለው ግን ልቤ ውስጥ ገባ፦ «የወሎ ሰው እያለቀ አንቺ ራበኝ ልትዪ ነው?»

ሳሰላስለው ዋልኩ። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ በዚሁ ቃል ዝም አሰኝቻለሁ። ተመስገን በይ፣ ቤት አለሽ፣ ድልህ አለሽ፣ ሬሳ አልረገጥሽም። እውነት ነው። ግን ርሃብም እንደ ሕብረት ሱቅ ወረፋ አለው እንዴ? የወሎው ልጅ ስለተራበ ሰሚራ ጠግባ አታድርም። እዚያ የሞተው ሰው እዚህ የሚከሳውን ልጅ ዝም በሉ አላለንም። እኛ ነን በእሱ ስም ዝም የምንለው።

ለታደሰ ይህን አላልኩትም። ሲጻፍ ይቀላል።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ዘይነባን ፈቃድ ጠየቅኋት። ለሂሩት ልንገርልሽ አልኳት። አይሆንም አለች። ክፉ እናት ብትለኝ ይሻለኛል፤ ባሌ ከግንባር ሲመለስ ሚስትህ ቤትህን ለማኝ አደረገችው እንዲባል አልፈልግም አለች። ከዚያ በሯን ዘጋች። ተዘግቶብኝ አያውቅም።

እማማ አሰገደች ጋ ሄጄ አለቀስኩ። ሲሰሙኝ ቆዩና በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ። ታዲያ ምን ላድርግ አልኳቸው፣ የሰው ገበና ነው። የራስሽስ የማነው አሉኝ።

የራስሽስ የማነው። ይህንን እያላመጥኩ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

ቆርጫለሁ። የዘይነባን ስም አላነሳም። የራሴን ቤት ግን እንዳለ አሳያለሁ። ነገ ምስር አይዋጣም። ምሳ እንጀራ በድልህ ነው፤ ሂሩት እሱን ትመዝን። ቀድሞ ያየሽው ወጥ የሦስት ቤት መዋጮ ነው እላታለሁ። የቱ ቤት ከየቱ እንደሚብስ ብትጠይቀኝ አልመልስም፤ ዓይን አላት፣ ጥብጣብ አላት።

ለታደሰ ነገርኩት። ለምሳ እመጣለሁ አለኝ። ድልህ መሆኑን እያወቀ። እንዲህም ያደርጋል አንዳንዴ፣ ሰውዬዬ።

እንግዳ እኔ ቤት ባዶ ምድጃ አይቶ አያውቅም። እናቴ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? አፈርኩ። አሁንም እያፈርኩ ነው። እያፈርኩም አደርገዋለሁ።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ፣ ምሳ ሊደርስ ሲል

ቤቱን ጠርጌያለሁ። ድስቱን አጥቤ ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት። ባዶውን። ክዳኑን ከድኜው ነበር፤ ተመልሼ አነሳሁት።

አሁን በጓሮ በኩል ዘይነባ ገባች። ሰሚራን በአንድ እጇ ይዛለች፣ በሌላው የራሷን ድስት። ባዶ ነው። አላየችኝም፣ ሰላምም አላለችኝ። ከእኔ ድስት አጠገብ አስቀመጠችው። ክዳን አላመጣችም።

«እቁቡ ይፍረስ» አለች። ሰሚራን ታቅፋ ቁጭ አለች።

አጠገቧ ልቀመጥ ነው። የፊት በሩ ተንኳኳ፤ የሂሩት ድምፅ ነው፣ እትዬ ጽጌ እያለች ትጠራኛለች።