እህትህን ከቃሏ ፍታልኝ

ይህን ወረቀት የያዘው የእህትህ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ ነው። አስቀድሜ የምነግርህ ወደ ታች ስትወርድ ስለ እሷ የማይጣፍጥ ነገር ስለምታገኝ ነው። ገና ከአሁኑ ሁለት ጊዜ እስክሪብቶውን ጥላ ተነሥታ ነበር፤ ሁለቴም መልሼ አስቀምጫታለሁ።

የቤቴ ምሰሶ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተወህ ወይስ እንደ አማት እየተመላለሰ ይጎበኝሃል? ምራቴስ እንደምን ናት? ልጆቹስ? ግቢው፣ አጥሩ፣ ጎረቤቱ እንዴት ከረመ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ከአራተኛ ፎቅ ጋር ተጣልቷል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እናትህ ካረፈች በኋላ እህትህ ወደዚህ ሰው አገር ካመጣችኝ እነሆ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ ቆሜ እንደ አሮጌ አውቶቡስ እተነፍሳለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። «እህቴ ኮራች፣ ስልኬን አታነሣም» ብለሃል አሉ። አልኮራችም። ድምፅ የላትም።

አንተ እዚያ ሆነህ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሲሉህ ጠመኔ ይዛ፣ ደረቷን ነፍታ የምትንጎራደድ ይመስልሃል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ለሰፈሩ ስንቴ ጎርሬበታለሁ። ያየሁትን ልንገርህ። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ በስልክ ታስተምራለች፤ ሥራ ሳይገቡ የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። የምታስተምርበት ቤት ከፍራሽ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሎቹ የተለያዩት በመስታወት ስለሆነ ዳይሬክተሯ በኮሪደሩ እየተመላለሰች ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተቀመጠ ታያለች። አስተማሪ መቀመጥ አይችልም። ከሰዓት በኋላ ሕፃናት፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ የመጡ ጎልማሶች ይገባሉ። እሷ ትላለች፣ አርባ አፍ ይደግማል፤ እሷ ትላለች፣ አርባ አፍ ይደግማል። ከመስታወቱ ማዶ ደግሞ ሌላ አርባ አፍ አለ፤ ያን ለመብለጥ መጮህ ነው። አልበቃ ሲላት ወገብ ላይ የሚታጠቅ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ሰጧት።

ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ሥር ትቀመጣለች። «እንዴት ዋልሽ?» ስላት እጇን ታወዛውዛለች። ቀኑን ሙሉ ስትናገር የዋለች ሴት ለአባቷ የሚተርፍ ቃል አጥታ ትገባ ነበር። እኔም ሞኙ ተቀይሜያት ነበር።

ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ቆሜ ተሳፋሪ የጠራሁ ሰው መሆኔን አንተም ታውቃለህ። ድምፄ ከአውቶቡሱ ጥሩምባ አያንስም ነበር። ግን እኔ አውቶቡሱ ሲሞላ ዝም እላለሁ፤ ሻይ ፉት እላለሁ። የእህትህ አውቶቡስ አይሞላም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ሕፃናቱ ፊት አፏን ስትከፍት ድምፅ አልወጣ አላት። ሕፃናቱ መድገም የለመዱ ናቸውና እነሱም አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ዘጉ። ጨዋታ መስሏቸው ነው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ደገሙላት። ማታ ይህን በሹክሹክታ ስትነግረኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን፤ ከእኛ በታች የሚኖረው ያገራችን ልጅ፣ ልብስ ሰፊው፣ አብሮን ሄዶ አስተረጎመልኝ። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ክር የመሰለ ካሜራ ሰዶ አየ። ጉሮሮዋ መጅ አውጥቷል። የእጅ መጅ አውቃለሁ፤ የእግር አውቃለሁ፤ ሸክም የለመደ ትከሻ መጅ ሲያወጣ አይቻለሁ። ከመናገር ብዛት ጉሮሮ መጅ ያወጣል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም። ሦስት ወር ዝም ትበል፣ ሹክሹክታም ክልክል ነው፣ አለበለዚያ ድምፅዋ እንደሄደ ይቀራል አለ።

እንግዲህ አስበው። በቤቱ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷ መናገር አትችልም፣ ሌላው ማንበብ አይችልም። እሷ ጽፋ ትሰጠኛለች፤ እኔ ወረቀቱን አገላብጬ እመልስላታለሁ። ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ከመታች እሺ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመታች እምቢ። የቀረውን በሥዕል እንግባባለን። አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ድስት ሥላ፣ በላዩ መስቀል አድርጋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችልኝ። እኔ ጾም ነው ብዬ እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። ለካ ወጡ ተበላሽቷል፣ እንዳትነካው ማለቷ ነው! መጥታ ዳቦው እንኳ እንዳለ ስታገኘው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች፤ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ። ሳቁ መቼ ወደ ልቅሶ እንደዞረ አላወቅሁም። ድምፅ ከሌለው ሁለቱ አይለዩም።

እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ኮቴን ለብሼ፣ ሽበቴን ይዤ ዳይሬክተሯ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። የእኔ እንግሊዝኛ እህትህ ማድ ቤት ስታስተምር የለቀምኩት ነው። እንደገባሁ «ሲት ዳውን» አልኳት። ተቀመጠች። ከዚያ ቀጥሎ የማውቀው «ኦፕን ዩር ቡክ» የሚለውን ስለሆነ እሱንም አልኩ። አትሳቅ፤ እውነትም ደብተሯን ከፈተች። ጉሮሮዬን ይዤ በእጄ ለመንኳት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፣ አንድ ቀን አክብባ፣ ከሥሩ ጽፋ፣ ገጹን ገንጥላ ሰጠችኝ። ልብስ ሰፊው ሲያነበው፣ እህትህ እስከዚያ ቀን ካልተመለሰች ሌላ አስተማሪ ይገባል ይላል። ዛሬ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ እሷንም ከበላይዋ የሚቆጣት እንዳለ ከዓይኗ አይቻለሁ።

ትናንት እህትህ ያንን ማጉያ ኤሌክትሪክ ላይ ስትሰካ ያዝኳት። ልትመለስ ነው። ጮህኩባት። መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር መጣላት እንዴት እንደሚያደክም ልነግርህ አልችልም። «ለማን ብለሽ ነው? ለእኔ ከሆነ ይቅርብኝ፤ ነገ ሻንጣዬን ይዤ አገሬ ልግባ!» ስላት ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታች። ተነሥታ የልጅህን የእንኮዬን ፎቶግራፍ አመጣችና ፊቴ አስቀመጠችው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእናትህ ቀብር ማግስት እኔ ባለሁበት «እንኮዬን ወስጄ አስተምራታለሁ» ብላ ቃል ገብታልሃለች። የልጅቷ የመግቢያ ወረቀት የሚያልቀው ደግሞ የእህትህ የሥራ ውል እስከ ሰኔ ከቆመ ብቻ ነው። ውሉ ከፈረሰ የእሷም የመኖሪያ ፈቃድ ያበቃል፣ የእንኮዬም ጉዳይ አብሮ ይቀራል። አንተ በየሳምንቱ «ወረቀቱ ከምን ደረሰ?» ብለህ ትጽፍላታለህ። ክፉ አስበህ አይደለም፤ አባት ነህ። እኔም አባት ነኝ። አንተ ለሴት ልጅህ ታስባለህ፤ እኔም ለሴት ልጄ አስባለሁ።

መለማመጥ አላውቅበትም፣ ስለዚህ በግልጽ እነግርሃለሁ። እህትህን ከቃሏ ፍታልኝ። እሷ ራሷ አትጠይቅህም፤ ቃሏን ከምታጥፍ ብትሞት ትመርጣለች። ይህን ደረቅነት ከማን እንደወረሰች አትጠይቀኝ። አንተ ከፈታሃት ግን አገሯ ትገባለች። የእኔ ክፍል ለሁለታችን ይበቃል፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ቆርቆሮውን አስቀይር። እዚያ ሦስት ወር ዝም ብትል የሚያወራላት ሞልቷል። ለእንኮዬም እውነቱን ንገራት። ብታዝን ታዝን፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሌላ መንገድ አይጠፋላትም። በአክስቷ ጉሮሮ ላይ ተረማምዳ መሻገር የምትወድ ልጅ ደግሞ አላሳደግንም።

ባለፈው እሁድ ስትደውል ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝና «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩህ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ልጄን ዋሸሁ። ይቅር በለኝ። ልብስ ሰፊው ነገ ወደ አገር ስለሚበር ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። እህትህ መጀመሪያ አልጽፍም ብላ ነበር፤ እሱን አስጽፈዋለሁ፣ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል ስላት ነው ብዕር ያነሣችው።

ምራቴን ሰላም በልልኝ፤ የሠራችልኝ ሹራብ ክርኑ ቢሳሳም ከላዬ አልወረደም በላት። መንታዎቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ከጠፋህ ሁለቴ ሳማቸው። እንኮዬን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አያትሽ ተቆጣ እንጂ አልጠላሽም በላት። አክስትህን እኔ ሳልመጣ እንዳትሞት ንገራት፤ ያልጨረስነው ክርክር አለ። ጎረቤታችንን አናጢውንም ሰላም በልልኝ፤ መጋዜን ይመልስ።

ከእህትህ ቤት፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ ጥቅምት 11 ቀን ተጻፈ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሳይነበብልኝ ጣቴን ያሳረፍኩበት ወረቀት በዕድሜዬ የለም። ዛሬ ግን ጸሐፊዬ ጮክ ብላ ማንበብ አትችልም፤ ልብስ ሰፊውንም እንዳላስነብበው በእጅ ምልክት ቃል አስገብታኛለች። የቱን ጽፋ የቱን እንደዘለለች አላውቅም። ስለ ፎቶግራፉ ስናገር እጇ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ እጅህ እንደገባ ደውል። ሰላምታውን ተወው። ስልኩን እሷም እንድትሰማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የጎደለ ካለ እኔ በቃሌ እሞላዋለሁ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረህ፣ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።