በሕይወት አለች

ውድ ማርሊስ፣

ስምሽን ጻፍኩና እጄ ቆመ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፌሽ ኖሬ አሁን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ከጥፋቴ ልጀምር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ኮምፒውተር ላይ መደርደር ሱስ ሆኖብኛል። ቅድመ አያቶቻችን ከኖርዌይ የመጡበትን መርከብ ስም ሳይቀር አግኝቻለሁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሳጥን አለው። የሞተ ሰው ስሙም ቀኑም ለሁሉም ይታያል፤ በሕይወት ያለ ሰው ግን ስሙ ይደበቅና «በሕይወት አለ» የሚል ብቻ ይጻፍበታል። በአንቺ ሳጥን ላይ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ በየዓመቱ በልደትሽ ቀን ትደውዪ ነበራ።

የዛሬ ሁለት ወር ኖሪን የምትባል ሴት ስልክ መታችልኝ። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ስማቸው ያልታወቀ ሟቾችን በዘረመል ከዘመዶቻቸው እያገናኘች ፖሊሶችን ታግዛለች።

«የቶለፍሰኖችን የዘር ሐረግ የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ምነው፣ ስህተት አገኘሽበት?»

«ኧረ እጅሽ ይባረክ! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከወላጆችሽ ሥር ሁለት ሳጥን አለ፣ ሁለቱም በሕይወት አለ ይላል። አንዱ አንቺ ነሽ። ሌላው ማን ነው?»

«እህቴ ማርሊስ ናታ።»

«በቅርብ አይተሻታል?»

«ከሄደች አይተናት አናውቅም። ግን ትደውላለች።»

«ስትደውል ምን ትላለች?»

«ምንም» አልኳት። አንድ ቃል ተናግረሽ አታውቂማ።

ከቤት በወጣሽ በሦስተኛው ዓመት ሰሜን ዳኮታ ክፍለ ግዛት ውስጥ አጋዘን አዳኞች ከአንድ የበቆሎ ማሳ ዳር የወጣት ሴት አጽም አግኝተው ነበር። ስም አልባ ሆና ተቀበረች። ኖሪን የአጥንቱን ዘረመል ይዛ ከሩቅ ዘመድ ወደ ቅርብ ዘመድ ስትወርድ እኛ ደጃፍ ደርሳ ነበር፤ ሁለቱም ልጆች በሕይወት አሉ ስለሚል ግን አለፈችን። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል በአክስቶቻችን ልጆች መሀል ስትባዝን ከረመች። እኔ በጻፍኩት ቃል የተነሳ፣ ማርሊስ።

ምራቄን በብልቃጥ ላክሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የፖሊስ መርማሪ ኮፍያውን አውልቆ በሬ ላይ ቆመ። ፎቶ አሳየኝ፤ አጠገብሽ የተገኘ የኮት ቁልፍ ነው። ሳታስፈቅጂኝ ለብሰሽው የሄድሽው ያ ቀዩ ኮቴ! ቁልፉን በአረንጓዴ ክር የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ክሩ አሁንም አለ።

ታዲያ ሲደውል የኖረው ማን ነው?

ታስታውሺ እንደሆን ስልኩ እማዬ ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ነው። በልደትሽ ቀን፣ ምሳ ተነስቶ ሳህን ሲታጠብ ይጮኻል። ቁጥር አይታይም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። እማዬ አሥር ደቂቃ ታወራለች። እኔ በኩርፊያዬ አንድ ቀን እንኳ ስልኩን ተቀብያት አላውቅም። እማዬ የምታወራው ደግሞ ግራ ይገባኝ ነበር። እኔ ካርላ አጠገቧ ቆሜ ሳህን እያደረቅሁ «ካርላ እኮ ካናዳ ገባች፤ ልጇም አውሮፕላን አብራሪ ሆነልሽ» ትላለች። ልጄ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለአንቺ ጉራዋን የምትነዛ ይመስለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁሌ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያለሽበት አገር እንዴት ነው? ዛፍ አለው? ወንዝ አለው?»

ዘጠና ዓመቷ ነው፣ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ድንች እየላጠች ነበር።

«እማ፣ ስታናግሪው የኖርሽው ሰው ማርሊስ አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ መላጧንም አላቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ጥሪ ጀምሮ። ማርሊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሁለት ደቂቃ አፏን መግጠም የማይሆንላት ልጅ! ለፖሊስ አዛዡ ለሸሪፉ ነገርኩት። ‹ትልቅ ሴት አይደለች እንዴ፣ ደግሞስ ትደውል የለም?› ብሎ ሸኘኝ። አባትሽ ደግሞ በዚያች ጥሪ ተስፋ ነበር የሚኖረው።»

«ታዲያ ለምን ታወሪለታለሽ?»

«እንዳይዘጋብኝ ነዋ! ያለችበትን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከአፉ ያመልጠው ይሆናል እያልኩ። እውነት ግን አንዲት አልነገርኩትም፤ የልጅ ልጄን አድራሻ ለነፍሰ ገዳይ ልስጥ እንዴ?»

እኔ አንቺን ስረግም እሷ ብቻዋን ይህን ተሸክማ ኖራለች። አፈርኩ።

መርማሪው ለማንም ትንፍሽ እንዳንል አስጠነቀቀን። ትናንት ልደትሽ ነበር። ድምፁን ለሁላችን የሚያሰማ መሣሪያ ስልኩ ላይ ገጥሞ ጠበቀ። ሳህን ላጥብ ስነሳ ጮኸ። እማዬ እጇን በሽርጧ አድርቃ አነሳችው። የሽማግሌ ትንፋሽ ነው፣ ሲር ሲር የሚል።

«ማርሊስን አገኘናት» አለችው። «ቅዳሜ አባቷ አጠገብ እናሳርፋታለን። ከእንግዲህ ያለችበትን አልጠይቅህም።»

ትንፋሹ ቆመ። ከዚያ፣ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፣ ስልኩ ተናገረ።

«ካርላም ከካናዳ ትመጣለች?»

ሳቅ ነበረበት። ድምፁን እኔም እማዬም አውቀነዋል። የአባባን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው። በየክረምቱ የእማዬን ደጃፍ በረዶ የሚጠርግላት እሱ ነው፤ እኔም ባለፈው ገና ኬክ ጋግሬ ወስጄለታለሁ። ካናዳ እንዳልሄድኩ አሳምሮ ያውቃል። ስሙን ግን እዚህ ደብዳቤ ላይ አላስገባውም።

እማዬ ስልኩን ቀስ ብላ ሰቀለችና ወደ መርማሪው ዞረች። «አመለጠው» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሰዱት።

ዛሬ ጠዋት ሳጥንሽን ከፍቼ «በሕይወት አለ» የሚለውን አጠፋሁ። ስምሽ ለሰው ሁሉ ታየ። የተወለድሽበትን ቀን ሞላሁ። የሞትሽበት ግን ባዶ ነው፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አፉን ከፍቷል። እስኪነግረን እጠይቀዋለሁ፤ እናቴ እንዴት እንደሚጠበቅ አስተምራኛለች።

ኮቱ ያንቺ ይሁን። ያኔ ልልሽ ይገባኝ ነበር።

እህትሽ ካርላ